የማክሰኞ የቤት ሥራ

ከሥራ ገብቼ፣ ጫማዬን አውልቄ፣
የዛለ እግሬን ሳሽ በሩ ሥር ወድቄ፣
«እማ፣ የቤት ሥራ አለብኝ» አለችኝ ኦስናት፣
«ለአንድ ሩብ ሰዓት ሁኚልኝ እናት።»

እናትሽ አይደለሁ? ምን ሁኚ ትያለሽ?
«የሌላ ልጅ እናት፤ አሁን ታያለሽ።»

አሥራ አንደኛ ክፍል፣ እዚሁ ነቲቮት፣
ማስተማር ለሚሹ ከፍተዋል ትምህርት፤
ማክሰኞ ማክሰኞ ታናናሾች ጋ ሄደው፣
ሁለተኛ ክፍል ከኋላ ተቀምጠው፣
መጀመሪያ ዝም ብለው ያያሉ፤
ኋላ ኋላ እነሱም ጠመኔ ይይዛሉ።
(ጠመኔ ማለቴ የልጅነቴ ልማድ ነው።
ዛሬስ ማርከር ነው አሉ፣ እጅ አያነጣም።)

ወንበር ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች፤
ፀጉሯን ወደ ኋላ ጠቅልላ አሰረች፤
ድምጿን አወፈረች።
«ሻሎም፣ የኢታማር እናት» አለችኝ በዕብራይስጥ፣
ፈገግ ብላ።
ፈገግታውም ደብተሯ ላይ ተጽፏል፣ አየሁት፣
በቀይ ተሰምሮበታል።

ከዚያ ፈጠነች።
እኔ በምሠራበት በካሮት ማሸጊያው፣
ቀበቶው ሲሮጥ ካሮቱ እጄን እንደሚያመልጠው፣
ቃሏ ሁሉ አመለጠኝ።

«ቆይ» አልኳት፣ «መምህርት፤ ዕብራይስጥ አልሰማም።
አስተርጓሚም የለኝ፤ ልጄም አልመጣም።»

«እማ! የኢታማር እናት እኮ ዕብራይስጥ ታውቃለች!»
«ማን አለሽ? እናቱ እኔ ነኝ።»

ደብተሯን አየች። ደብተሩ መልስ የለውም።
«ልጅሽ...» አለች በአማርኛ፣ «ልጅሽ ጎበዝ ናት፤ ነው።
ግን ትምህርት ሲሆን... ጠረጴዛ ሥር ይገባል።
እርሳስ ይበላል። መብላት አይደለም፣ በጥርስ... ይነክሳል።
ጭንቅ ያለበት ይመስለኛል።»
አማርኛዋ ያነክሳል፤ ግን ደረሰኝ።

ይሄኔ ነው ያ ቀን የመጣብኝ።

ሰባት ዓመትሽ ነበር፣ ጥርስሽ የወለቀ፤
ወላጅ አምጪ ተብለሽ ፊትሽ የደረቀ።
ተከሳሿም አንቺ፣ አስተርጓሚም አንቺ።
ሴትዮዋ ብዙ ተናገረች፤
ወረቀት አገላበጠች፣ ጣቷን አነሳች፣
ግንባሯን እንደ ቋጠሮ አሰረች።
አንቺ ወደ እኔ ዞረሽ፣
«ጎበዝ ናት ትላለች» አልሽኝ።
ያን ሁሉ ወሬ በሦስት ቃል!
እኔም ጎንበስ ብዬ አመሰገንኩ፣ እጅ ነሣሁ፤
እሷ ግራ እንደገባት፣ ተነሥቼ ወጣሁ።

አልገባኝም ብለሽ ነበር?
ሰሙን ካንቺ ሰማሁ፤ ወርቁን ከግንባሯ።

ኦስናት ብዕሯን አቆመች።
«ታውቂ ነበር?»
ይህን በዕብራይስጥ ነው ያለችው። ይህን ግን ሰማሁ።
«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

እስከ ቤት ድረስ እጄን አንቀሽ ይዘሽ ነበር፣
ላብሽ ከላቤ ጋር።
ማታ ደብተርሽን በጉያዬ ይዤ፣
ፎቅ ላይ ላለው ለአቶ ይስማው ልጅ አሳየሁት፤
«ማንበብ አልጀመረችም ይላል» አለኝ አቀርቅሮ።
በማግስቱ፣ «አሌፍ ቤት አስተምሪኝ» አልኩሽ።
ቆጣ እያልሽ፣ ጣቴን ፊደሉ ላይ እየጫንሽ
አስተማርሽኝ፤ ለፋሲካ አንቺ ታነቢ ነበር።
እኔ ላሜድ ላይ ደርሼ ቀረሁ፤
የሌሊት ፈረቃ መጣ።

ዝም አለች። ማቀዝቀዣው ብቻ ያጉረመርማል።

«ጻፊ እንግዲህ» አልኳት፣ «ደብተርሽ ላይ የሌለውን።
ያን ቀን የተቀመጥኩት በልጅ ወንበር ነበር፤
ጉልበቴ ደረቴን እየነካ፣
መምህርቷ ከላይ፣ እኔ ከታች።
ሌላውን ሌላውን መጽሐፉ ይንገርሽ፤
አንቺ ግን ከአስተማሪዎች ክፍልም ይሁን ከጓሮ፣
ለእናትየዋ ትልቅ ወንበር ፈልጊላት።»

ጻፈች፣ ከቀኝ ወደ ግራ።
የመጨረሻዋን መስመር ግን በኛው ፊደል፣
ምላሷን በጥርሷ ይዛ፣ ከግራ ወደ ቀኝ።
ጎንበስ ብዬ አነበብኩት፦
«ትል ወንበር»።

ሳቄ መጣ። ዋጥኩት።
ያኔ ዝም ብያለሁ፤ ዛሬስ አልልም።
«ቅ ጎድላለች» አልኳት።
ቀና ብላ አየችኝ፣
ብዕሩን ሰጠችኝ።